አዴ ዘይነባ «አውፍ በይኝ» ያለችኝ ቀን

ቀኝ እጄ ላይ የቀረችኝ አንዲት ጣት ናት፤ አውራ ጣቴ። ሌሎቹ አራቱ የት እንደደረሱ ሰው ሲጠይቀኝ «ማሽን በላቸው» እላለሁ፤ ጠያቂውም ከንፈሩን መጥጦ ያልፋል። ለሰባት ዓመት ያልተናገርኩት ሌላ ነገር ነበር። ማሽኑን ያስነሳችው ሃናን ናት። ሃናን ደግሞ ጓደኛዬ ናት ብል ያንሳል።

ድሬ፣ መጋላ ሰፈር፣ አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደግነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። እናቴ ገና ፊደል ሳልቆጥር ስለሞተች፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን የምወረውረው ሃናን ቤት ነው። ሃናን እናቷን ዘይነባን «አዴ» እያለች ስለምትጠራት እኔም «አዴ» እያልኩ አደግኩ። አንቱታ በእኛ አገር የለም፤ ድሬ የተወለደ ሰው የሚወደውን «አንቺ» ነው የሚለው። አዴ ለእኔ የጾም ወጥ የምትሠራበት ለብቻው ያስቀመጠችው ድስት ነበራት። ሃናን ከዚያ ድስት ስትሰርቅ ስትይዛት «የሰናይት ነው፣ እጅሽን አንሺ» እያለች ትቆጣት ነበር።

አድገን፣ እኔም አግብቼ፣ እሷም አግብታ፣ ሁለታችንም ከተማው ውስጥ ያለ አንድ የማካሮኒ ፋብሪካ ተቀጠርን። የተመደብነው ሊጡ የሚቦካበት ክፍል ነው። የማቡኪያው ገንዳ በየፈረቃው መጨረሻ ይጸዳል። ደንቡ አጭር ነው፤ አንዷ እጇን ገንዳው ውስጥ ከታ ስትፍቅ ሌላዋ ማብሪያውን ትጠብቃለች፤ «ወጣሁ» እስኪባል ድረስ ማንም አይነካውም። ያን ቀን ሃናን ደክሟት ነበር። ጨርሼ የወጣሁ መሰላትና ተጫነችው።

ሆን ብላ እንዳላደረገችው ያኔም አውቅ ነበር፤ ዛሬም አውቃለሁ። በስህተቷ ቂም አልያዝኩባትም። ቂሙ የተጸነሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ፋብሪካው ሦስት ሰዎች ያሉበት አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። እኔ የሆነውን እንደሆነው ተናገርኩ። ሃናን ስትጠየቅ ግን፣ «እኔ አጠገቧ አልነበርኩም። ራሷ በግራ እጇ ስትጫነው ከሩቅ አይቻለሁ» ብላ ፈረመች። ከሁለት ሳምንት በኋላ አልጋዬ ድረስ በመጣልኝ ደብዳቤ ላይ «በራሷ ቸልተኝነት» የሚል ቃል ነበረበት። ሥራዬም ስሜም በዚያ ደብዳቤ ሄዱ። አብረውኝ የሠሩ ሴቶች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «አይ ሰናይት፣ ምን አጣደፈሽ?» ይሉኝ ጀመር።

ከሆስፒታል ስወጣ ከባለቤቴ ከዮናስ ጋር ዕቃችንን ጭነን የደቻቱን ወንዝ ተሻግረን ከዚራ ሰፈር ገባን። እዚያ አንዲት ትንሽ ሱቅ ከፈትኩ። መጋላን ዳግመኛ አልረገጥኩም። ለአዴም ምክንያቱን አልነገርኳትም። ዝም ብዬ ጠፋሁባት።

ያን ጊዜ የነበረችው ሰናይት ምን ዓይነት ሰው እንደነበረች ልንገራችሁ። እጇን ከነጠላዋ ሥር አታወጣም። ደንበኛ ብር ሲሰጣት በግራ ትቀበላለች። የሌሉት ጣቶቿ ያሳክኳታል፤ የሌለ ነገር ደግሞ አይታከክም። ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች፣ ትጾማለች፣ አባታችን ሆይ ስትደግም ግን አንዲት ቦታ ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታልፋለች። የትኛዋ ቦታ እንደሆነች ታውቃላችሁ። ባዶ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ ሃናንን የምትናገርበትን ንግግር ታጠናለች። ሰባት ዓመት ሙሉ ሳሻሽለው የኖርኩት ንግግር ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«ሰናይት ነሽ?»

«አዎ፣ ማን ልበል?»

«ድምፄን ረሳሽው?»

«አዴ» አልኩ። ሳላስበው ነው ከአፌ የሾለከው።

«እሰይ! ስሚኝ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። አልሐምዱሊላህ፣ ሐጅ ልሄድ ነው። ልጆቼ ተረባርበው አሳኩልኝ። ቅዳሜ እበራለሁ። እስከዚያ ሰውን ሁሉ አውፍ በሉኝ እያልኩ ነው። አንቺ ዘንድ በእግሬ ልመጣ ይገባኝ ነበር፤ ጉልበቴ ግን እምቢ አለ። የቀረችውን ለመካ ቆጥቤያታለሁ» ብላ ሳቀች። «ሐሙስ ለምሳ ቢዮ አዋሌ ነይልኝ። ቤቱን ማንም ያሳይሻል።»

ሐጅ የሚሄድ ሙስሊም ከመነሳቱ በፊት የሚያውቀውን ሰው ሁሉ ይቅርታ ይጠይቃል። የሰው ሐቅ ተሸክሞ አይሄድም። መጋላ ስላደግኩ ይህን አላጣሁትም። ሃናንም ከባሏ ጋር ቢዮ አዋሌ እንደገባችና እናቷን ወስዳ እንደምታኖር ሰምቻለሁ። ስልኩን ስዘጋ የተሰማኝን ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ፤ ደስ አለኝ። ቀኑ ደረሰ አልኩ። ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት፣ በእናቷ ፊት፣ ያጠናሁትን ሁሉ አወርደዋለሁ።

ዮናስ ባጃጁን አቁሞ ምሳ ሊበላ ሲመጣ ነገርኩት።

«ልትነግሪያት ነው?» አለኝ።

«በሰው ሁሉ ፊት።»

የያዘውን ውሃ ሳይጠጣ አስቀመጠው። «አቦ ሰናይት፣ እውነትሽ ነው። መብትሽም ነው። ግን አሮጊቷ ያንን ይዛ ነው አውሮፕላን የምትሳፈረው?»

«እኔስ ሰባት ዓመት ይዤው የለም እንዴ?»

«እኔም እሱን ነው የምልሽ። ሸክሙን ልታወርጂው ነው የምትሄጂው ወይስ ልታሸክሚያት?»

ምሳውን አቀረብኩለት። እሱም አልደገመውም።

ሐሙስ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከተማው ወደ ኋላ ቀርቶ ደረቁ ኮረብታና ቁልቋሉ ሲመጣ፣ መንገድ ዳር ግመሎች ሲነዱ እያየሁ ንግግሬን ከመጀመሪያው ጀመርኩት። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይታ የምጸልይ መሰላት መሰለኝ፤ ቦታ ለቀቀችልኝ።

ቤቱን መፈለግ አላስፈለገኝም። ደጁ ላይ ዳስ ተጥሎ ሰው ይወጣል ይገባል። ጀሪካን አንጠልጥላ ከጓሮ ብቅ ያለችው ሴት አየችኝና ባለችበት ቀረች። ሃናን ናት። ከስታለች። የእኔ እኩያ መሆኗን ባላውቅ ኖሮ አሥር ዓመት እጨምርላት ነበር።

«ሰናይት» አለች።

«ሃናን።»

ጀሪካኑን አስቀምጣ ከቤቱ ጀርባ የውሃ በርሜሉ ጋ ወሰደችኝ። «አዴ ምንም አታውቅም» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ገብቶኛል። ብታውቅ ኖሮ በስልክ እንደዚያ አትስቅም ነበር።»

«እባክሽ ዛሬ አትንገሪያት። ከሐጅ እስክትመለስ ብቻ። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን አድርጊኝ።»

«ሰባት ዓመት ቆይተሽ የምትይኝ ይሄንን ነው?»

«ሌላ የምናገርበት አፍ የለኝም።»

«‹አጥፍቻለሁ› የምትባል ቃል አለች። አጭር ናት።»

አንገቷን ደፋች፤ ቃሏን ግን አላወጣችውም። በዚያች ቅጽበት በውስጤ የቀረችው የርኅራኄ ጭላንጭልም ጠፋች። አሁንም ሽፋን ነው የምትለምነኝ። «አልምልልሽም» አልኳትና ትቻት ገባሁ።

ቤቱ ሞልቷል። ፍራሽ ዙሪያውን ተነጥፎ ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ ከመጋላ የመጣው ሁሉ ተቀምጧል። አዴ ዘይነባ መሀል ላይ በርጩማ ይዛ ከአንዱ ወደ አንዱ ትዞራለች። ጎንበስ ትላለች፣ እጅ ትይዛለች፣ «አውፍ በለኝ፣ አውፍ በይኝ» ትላለች። ስታየኝ አልተነሳችም። በሩቁ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ተቀመጪ፣ እደርስልሻለሁ» አለችኝ፤ ልክ ከትምህርት ቤት እንደመጣሁ።

ከጎኔ ወዳለችው ጎረቤቷ ስትደርስ፣ «ዶሮሽ ጎመኔን በልታብኝ ረግሜያለሁ፤ አውፍ በይኝ» አለቻት።

«ዶሮዋን ነው ወይስ እኔን?»

«ሁለታችሁንም።»

ቤቱ ሳቀ። «አውፍ ብያለሁ፤ የዶሮዋን ግን ራስሽ ጠይቂያት» አለች ሴትየዋ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም። ቀጣይዋ እኔ ነኝ።

አዴ በርጩማዋን ጎትታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ጉልበቷ ጉልበቴን ነካው። ወደ ሰዉ ዞር ብላ፣ «የማታውቋት ካላችሁ፣ ሰናይት ትባላለች። በሆዴ አልተሸከምኳትም እንጂ ልጄ ናት» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰች።

«ሰባት ዓመት ሆነሽ እግርሽን ከቤቴ ካነሳሽ። ምን እንዳደረግኩሽ አላውቀውም። ብዙ አስቤዋለሁ፤ ስሰግድ ሁሉ ነው የማስበው። ሆስፒታል ስትተኚ አንድ ቀን ብቻ ነው የመጣሁት። ራሴም ታምሜ ነበር፤ ግን እየተሳብኩም ቢሆን መምጣት ነበረብኝ። እሱ ይሆን?»

ነጠላዬን እጄ ላይ ጎተትኩ።

«ወይስ ልጅ ሆነሽ አንድ ቀን ብርጭቆ ተሰብሮ በጥፊ መትቼሻለሁ። የሰበረችው ሃናን እንደሆነች በኋላ ነው ያወቅኩት። አድገሽ ትረሺዋለሽ ብዬ ሳልጠይቅሽ ቀረሁ። እሱ ይሆን?»

ቀና ስል ሃናን በሩ ላይ ቆማለች። ሩዝ የተከመረበት ትሪ በሁለት እጇ ይዛለች።

አዴ እጄን ፈለገች። ቀኝ እጄን ከነጠላዬ ሥር ሳብ አድርጋ አወጣችው። ልነጥቃት ነበር፤ አቅም አጣሁ። ከሆስፒታል ከወጣሁ ወዲህ ከዮናስ በቀር ሰው አይቶት የማያውቀውን እጅ ያ ሁሉ ሰው አየው። አዴ ጣቶቼ የነበሩበትን ቦታ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«ይህን ነው ከእኔ የደበቅሽው?» አለችና ጎንበስ ብላ ሳመችው።

እንግዲህ ስሙኝ። ንግግሬ አፌ ላይ ነበር። የመጀመሪያዋን ቃል ለማውጣት ከንፈሬን አላቅቄ ነበር። ግን ጎንበስ ያለውን ራሷን፣ ሂጃቧ ሥር በሂና የቀላውን ሽበቷን ሳይ አንድ ነገር በራልኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ የተበደልኩት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነው የኖርኩት። ይቺ ሴት ግን ምንም ሳታጠፋ ለሰባት ዓመት ጥፋቷን ስትፈልግ ኖራለች። ያንን ያደረገችባት ሃናን አይደለችም። እኔ ነኝ። ለሃናን የወረወርኩት ድንጋይ ያረፈው አዴ ላይ ነው።

ያጠናሁት ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ከበርጩማዋ ዝቅ ብዬ መሬት ላይ ተንበረከክኩ።

«አዴ፣ አንቺ ምንም አላደረግሽኝም። ብርጭቆውንም ረስቼዋለሁ። የጠፋሁብሽ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። አንቺ አውፍ በይኝ።»

«ታዲያ ለምን ልጄ? ለምን?»

ሃናንን አየኋት። ዓይኖቿን ጨፍናለች፤ ምት እንደሚጠብቅ ሰው። እሷን የማጠፋበት ቃል በእጄ ነበር፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ ያለ ሥልጣን በእጄ ገብቶ አያውቅም። ልጠቀምበት እንደማልፈልግ ሳውቅ ራሴ ገረመኝ።

«በእኔና በሃናን መካከል አንድ ነገር ነበር» አልኩ። «ምን እንደሆነ አልናገርም። ዛሬ ግን እዚህ ጨርሼዋለሁ። ሃናን፣ ለእግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብዬሻለሁ። አልጠየቅሽኝም፤ ግን ብዬሻለሁ።»

ስናገረው ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ሰው ከባድ ነገር ሲያወርድ የሚያወጣው ትንፋሽ አለ፤ ያ ትንፋሽ ወጣልኝ። ደረቴ ውስጥ ቦታ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ምንም ባይከተል፣ ያቺ ደቂቃ ብቻ ትበቃኝ ነበር።

የተከተለውን ግን አልጠበቅኩም። ሃናን ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠች። አጠገቤ መጥታ እሷም ተንበረከከች።

«አዴ፣ ማሽኑን ያስነሳሁት እኔ ነኝ» አለች። «የሰናይት እጅ ገንዳው ውስጥ እያለ። ያወጣች መስሎኝ ነው። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ ያስሩኛል ብዬ ፈራሁ። ሲጠይቁኝ ራሷ ናት ብዬ ፈረምኩባት። እሷ ሆስፒታል ተኝታ እኔ ፈረምኩባት።»

አዴ ልጇን ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«ሰባት ዓመት ‹ሰናይት ምን ሆነችብኝ› ስልሽ ‹እኔ እንጃ› ትይኝ ነበር» አለች በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ያ ረቢ።» ፊቷን በሁለት እጇ ጠረገች። ትጮሃለች፣ ትረግማለች፣ ራሷን ትስታለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ግን ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «ስሚ ሃናን። ሰናይት አውፍ ብላሻለች፤ እኔም እላለሁ፤ አላህም ያውቃል። የፈረምሽው ወረቀት ግን አውፍ አይልም። በሦስት ሰው ፊት ያጠፋሽውን ስም በሦስት ሰው ፊት ትመልሻለሽ። ነገ ጠዋት፣ ከጁምዓ በፊት። አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«አዴ፣ ጉልበትሽ…» አልኳት።

«ለመካ የቆጠብኩት አለ፤ ከእሱ ላይ እበደራለሁ።»

አንድ ሰው ሳቀ፣ ሌላው አለቀሰ፣ ጎረቤቷ እልል አለች። ለእኔ ለብቻዬ የተሠራ ሽሮና አትክልት ያለበት ሰሃን መጣ። ሃናን ነች ያቀረበችልኝ። ዓይኔን ቀና ብላ አላየችኝም፤ እኔም አላስገደድኳትም። ግን በላሁ።

ዓርብ ጠዋት ሦስታችን በዮናስ ባጃጅ ተጨናንቀን ፋብሪካው ደጃፍ ደረስን። ከአጣሪዎቹ አንዱ፣ የሰው ኃይል ኃላፊው፣ አሁንም እዚያው ነው። ጸጉሩ ሸብቷል። ሃናን ቆማ፣ «ከሰባት ዓመት በፊት በሰናይት ላይ የሰጠሁት ቃል ሐሰት ነው፤ ላስተካክል ነው የመጣሁት» አለችው።

ሰውየው ግራ ተጋባ። «ይሄ እኮ ፋይሉ ተዘግቷል» አለ።

«የተዘጋ ነገር ይከፈታል» አለች አዴ። «እኔ ነገ ሐጅ ነኝ ልጄ። ቀጠሮ አትስጠኝ።»

ለመሳቅ ቃጣው፤ ተወው። ሄዶ ሁለት ሰዎች ይዞ ተመለሰና ወረቀት ሰጣት። ሃናን ሁሉንም ጻፈች፤ የቆመችበትን፣ የተጫነችውን፣ የዋሸችውን። አንብባ ፈረመች። ኃላፊው ደጋግሞ አነበበው። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ወደ እኔ ዞረ።

«ክስ መመሥረት ትፈልጊያለሽ? መብትሽ ነው።»

ሃናን ወለሉን ታያለች።

«በእሷ ላይ ክስ የለኝም» አልኩ። «ስሜን ነው የምፈልገው።»

«ስምሽን እንመልሳለን። እኛም በደንብ ሳናጣራ ነበር የወሰንነው።» መነጽሩን እንደያዘ «ይቅርታ አድርጊልን» አለኝ። ይህን ከእሱ አፍ እሰማለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ስንወጣ የጠዋቱ ፈረቃ ለዕረፍት ግቢው ውስጥ ነበር። ከእኔ ጋር ከሠሩት ጥቂቶቹ አሁንም አሉ። ሃናን አልፋ ትሄዳለች ብዬ ነበር። ቆመች። «ሰናይት አልተጣደፈችም ነበር» አለቻቸው ጮክ ብላ። «ማብሪያውን የተጫንኩት እኔ ነኝ።» አንዷ አሮጊት የጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያዋን ጥላ መጥታ አቀፈችኝ። ከዚያ ሌላዋ መጣች። «ምን አጣደፈሽ» ስትለኝ የኖረችው ሴት እጄን፣ ያንኑ ቀኝ እጄን፣ ይዛ አልለቅ አለች። ከግቢው ስወጣ ነጠላዬ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ እጄ ውጭ ነበር፤ ፀሐዩ አረፈበት።

ሰኞ ስሜን የሚመልሰው ደብዳቤ ፋብሪካው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ሁለት ጊዜ ሄጄ አንብቤዋለሁ፤ አልዋሻችሁም፣ ሦስት ጊዜ ነው።

ከዚያ በፊት፣ ቅዳሜ፣ አዴን ኤርፖርት ሸኘናት። ነጭ ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ እንደ ሙሽራ ታበራ ነበር። ከመግባቷ በፊት እኔንና ሃናንን በሁለት ክንዶቿ ሰብስባ፣ «አሁን ቀለል ብሎኝ ነው የምሄደው» አለችን። በሃምሳ ሰው እልልታ ታጅባ ገባች። በሰላም ሄዳ በሰላም ተመለሰች፤ ዛሬ ሐጃ ዘይነባ ናት። ጉልበቷ ያው ነው፤ «ብድሬን ገና አልመለስኩም» ትላለች።

ይህን የማጫውታችሁ ሁሉ ነገር በአንድ ቀን አለቀ ልላችሁ አይደለም። ሐሙስ ይቅር ብዬ እሑድ ጠዋት ፀጉሬን በአንድ እጄ ስታጠብ ንዴቱ ተመልሶ መጣ። ሳሙናው ከእጄ ሲወድቅ የሃናን ፊት ድቅን አለብኝ። የንስሐ አባቴን ሄጄ፣ «አባ፣ ይቅር አላልኩም መሰለኝ» አልኳቸው። «ቤትሽን አንዴ ጠርገሽ ትተዪዋለሽ?» አሉኝ። «በየቀኑ ትጠርጊዋለሽ። ቆሻሻ ተመልሶ መጣ ማለት ያኔ አልጠረግሽም ማለት አይደለም።» ከዚያ ወዲህ ንዴቱ ሲመጣ ሐሙስ ያልኩትን ድምፄን አውጥቼ ደግሜ እለዋለሁ። መጀመሪያ በቀን አሥር ጊዜ ነበር። አሁን ወር የሚያልፍበት አለ። የሌሉት ጣቶቼ አሁንም አልፎ አልፎ ያሳክኩኛል፤ እንቅልፌ ግን ተመልሷል። አባታችን ሆይንም እስከ መጨረሻው በአንድ ድምፅ እደግመዋለሁ።

ሃናንና እኔ እንደ ልጅነታችን ነን ብላችሁም ውሸት ይሆናል። መተማመን ከይቅርታ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። እኔ ይቅር ያልኳት በአንድ ደቂቃ ነው፤ ቤቴ ገብታ ጀርባዬን ሰጥቻት ሥራዬን እስክሠራ ዓመት ፈጅቶብኛል። ይህም ይሁን ብያለሁ።

አንድ ነገር ግን ደፍሬ እነግራችኋለሁ። ተበድላችሁ ከሆነ፣ በደላችሁን አሳንሱት አልልም። የእኔ አላነሰም፤ እጄን እያያችሁት ነው። ግን በዳያችሁ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ። እኔ ሃናን «አጥፍቻለሁ» እስክትል ብጠብቅ ኖሮ ዛሬም ያን ንግግር እያጠናሁ በኖርኩ። የእሷ ኑዛዜ ስሜን መለሰልኝ፤ አመሰግናታለሁ። ነፍሴን ግን የመለሰልኝ ከእሷ በፊት እኔ የተናገርኩት ነው። ደግሞም ዙሪያችሁን እዩ። ቂማችሁ ያነጣጠረው አንድ ሰው ላይ ይሆናል፤ እየመታ ያለው ግን ሌላ፣ ምንም የማያውቅ ሰው ሊሆን ይችላል።

ፋብሪካው አሁን አዲስ ሠራተኞች ሲቀጥር ሁለታችንን ይጠራናል። ስለ ማሽን ጥንቃቄ የምናስተምረው እኛ ነን። ሃናን ከቢዮ አዋሌ በጠዋት ተነስታ ትመጣለች። ቀድማ እንድትናገር የጠየቀችው ራሷ ናት። ገና የወጣትነት ፊት ባላቸው ልጆች ፊት ትቆምና፣ «የዚችን እህቴን ጣቶች ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ዋሸሁባት። ብትሳሳቱ ያኔውኑ ተናገሩ» ትላቸዋለች። ልጆቹ ደንግጠው ወደ እኔ ይዞራሉ፤ ምን ትል ይሆን ብለው። እኔም ከጎኗ እንደቆምኩ ነው።